የሰደድ እሳትን በሌሊት ከሰማይ ስለ ማየት

የሰደድ እሳት ጢሱ ሲበዛ ዳርቻው ለዓይን አይታይም። ስለዚህ የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት አይሮፕላኖች በሌሊት እየበረሩ፥ ጢሱን አልፎ ሙቀትን በሚለይ መሣሪያ የእሳቱን ምስል ያነሣሉ። ባለሙያዎችም ምስሉን መርምረው ካርታ ይሠራሉ፤ ሳይነጋም ለእሳት አጥፊዎቹ አለቆች ይደርሳል። ይህን ጥበብ እናደንቃለን። ነገር ግን ካርታው የሚያሳየው እሳቱ የነበረበትን ስፍራ እንጂ የሚሄድበትን አይደለም። ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ. ም. በካሊፎርኒያ ማለዳ የተነሣው እሳት፥ ብርቱ ነፋስ እየገፋው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ አወደመ፤ በጠቅላላውም 85 ሰዎች ሞቱ። የሚበዙትም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ቤተ ሰብ፥ ልቀቁ የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው ዕቃ ልሰብስብ ሳይል፥ አረጋውያንንና ሕፃናትን አስቀድሞ እንዲያወጣ እንመክራለን።