ተከታታይ የካርቱን ታሪክ ስለ ምን ይንዛዛል?

በጭሮም ሆነ በሒርና፣ በገለምሶም ሆነ በሚኤሶ፣ ዲሽ ባለበት ቤት ልጆች ተሰብስበው የጃፓን ካርቱን ሲያዩ ማግኘት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ፊልሙ በዐረብኛ የተተረጎመ ነው። ቋንቋውን የማያውቀው ልጅ እንኳ ሥዕሉን ብቻ እያየ ታሪኩን ይከተላል። አንዳንዴ ግን ያው ልጅ «ዛሬም ምንም አልሆነም እኮ!» ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። እኛ እጩ መምህራን ይህን አነጋገር በቀላሉ ልናልፈው አይገባም፤ ነገ ስለ እኛ ትምህርት ሊባል የሚችለው ይኸው ነውና። ስለዚህ አሣሣሉ፣ የታሪኩ አካሄድና «መሙያ» የሚባሉት ክፍሎች አንድን ረጅም ተከታታይ ካርቱን እንዴት እንደሚጠቅሙትና እንደሚጎዱት ባጭሩ እንመልከት።

«አኒሜ» የጃፓን የካርቱን ፊልም ነው። ረጃጅሞቹ አኒሜዎች ባብዛኛው የሚዘጋጁት «ማንጋ» ከሚባለው በሥዕል ከሚተረክ ድርሰት ነው። ታዋቂዎቹ ማንጋዎች በሳምንታዊ መጽሔት ላይ በየጊዜው ሃያ ገጽ ያህል እየሆኑ ይወጣሉ። ፊልሙ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይቀርባል። አንዱ ክፍል በደንብ እንዲሞላ ከተፈለገ ሁለትና ከዚያ በላይ ምዕራፍ ይፈጃል። ሒሳቡ እንግዲህ ቀላል ነው፤ ደራሲው በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይጽፋል፣ ፊልሙ ሁለት ይበላል። ፊልሙ ዘግይቶ ቢጀምርም አንድ ቀን ደራሲው ላይ ይደርስበታል።

ነገሩ ከጭሮ ወደ ሒርና በሚወስደው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ፣ ከተጫነ የጭነት መኪና ኋላ የገባ አውቶቡስን ይመስላል። መቅደም አይቻልም። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ እየተንፏቀቁ መከተል፣ በሌላ መንገድ ዞሮ መምጣት፣ ወይም ጥግ ይዞ ማረፍ። የአኒሜ አዘጋጆችም ሦስቱንም ሞክረዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አሣሣሉ ጥቂት እንበል። በሲኒማ ፊልም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ምስሎች በዓይናችን ፊት ያልፋሉ። ይህን ሁሉ በእጅ ስሎ በየሳምንቱ ማድረስ ከባድ ወጪ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1963 «አስትሮ ቦይ» የተባለውን ፊልም ለጃፓን ቴሌቪዥን ሲያቀርብ፣ አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ያህል ጊዜ በማቆየት የሥዕሉን ቁጥር በሴኮንድ ወደ 8 ዝቅ አደረገው። አንድ ጊዜ የተሳለውንም እያስቀመጠ ደጋግሞ ተጠቀመበት። የቆመ ፊት፣ የሚንቀሳቀስ አፍ፣ ከኋላ የሚሸሽ መስመር፤ ይህ ሁሉ ከዚያ የቁጠባ ዘዴ የመጣ ነው። ቁጠባው በራሱ ጥፋት አይደለም። ኳሷን ከመምታቱ በፊት የተጫዋቹ ፊት ቀጥ ብሎ ሲቆም የተመልካቹም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። የሚሰለቸው ያው የቆመ ፊት ደቂቃ ለመግፋት ብቻ ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምርጫ፣ ወደ መንፏቀቁ እንምጣ። በዐረብኛ «ካፕቴን ማጂድ» ተብሎ የሚታወቀው የእግር ኳስ ካርቱን በጃፓንኛ ስሙ «ካፕቴን ፁባሳ» ነው። ማንጋው እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ፊልም ከ1983 እስከ 1986 በ128 ክፍል ታየ። አንድ ግጥሚያ ብዙ ክፍል ይወስዳል፤ ሜዳውም ማለቂያ ያለው አይመስልም። ልጁ እየሮጠ ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይነጋገራል፤ ጎሉ ግን ገና ነው። በ«ድራጎን ቦል ዜድ» ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች የተባለች ፕላኔት ሳትፈነዳ ሳምንታት ያልፋሉ። ይህን ያህል መጎተት አስፈላጊ ነበር ወይ? መልሱን የሰጡት አዘጋጆቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያንኑ ፊልም «ድራጎን ቦል ካይ» በሚል ስም ቆርጠው እንደገና ሲያቀርቡት፣ ቀድሞ 194 ክፍል የፈጀው ታሪክ ወደ 98 ክፍል ወረደ። ግማሽ ያህሉ ቀርቶ ዋናው ታሪክ አልጎደለም።

ሁለተኛው ምርጫ ዞሮ መምጣት፣ ማለትም መሙያ ነው። መሙያ በማንጋው የሌለ፣ ደራሲው እስኪርቅ ድረስ በፊልሙ አዘጋጆች የሚፈጠር ታሪክ ነው። «ናሩቶ» እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በ220 ክፍል ሲታይ፣ ከ136ኛው እስከ 219ኛው ያሉት ክፍሎች ከሞላ ጎደል መሙያ ነበሩ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው! የመሙያ ዋና ችግሩ የታሰረ መሆኑ ነው። ደራሲው ነገ ምን እንደሚጽፍ ስለማይታወቅ ሰው መሞት አይችልም፣ ጠላት መታረቅ አይችልም፣ ጀግናውም ከተማረው በላይ መማር አይችልም። ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ልጁ «ምንም አልሆነም» ማለቱ እንግዲህ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ መሙያ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በዋናው ታሪክ ጥግ ላይ የቆመን ሰው ቀረብ አድርጎ የሚያሳየን ከሆነ፣ ወደ ዋናው ስንመለስ ያን ሰው በሌላ ዓይን እናየዋለን። መመዘኛው አንድ ነው፤ ከዚህ ክፍል በኋላ የምናውቀው ነገር ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?

ሦስተኛው ምርጫ ማረፍ ነው። «ዲመን ስሌየር» እ.ኤ.አ. በ2019 26 ክፍል ታይቶ ቆመ፤ ቀጣዩ ታሪክ በ2020 በሲኒማ ቤት ሲቀርብ በጃፓን የገቢ ታሪክ አንደኛ ሆነ። ሠዓሊዎቹ በቂ ጊዜ ስላገኙ ሥዕሉ አልደከመም፤ ተመልካቹም በመጠበቁ አልሸሸም።

በአገራችንስ? «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው መጽሐፉ ያለቀ ስለነበር መሙያ አላስፈለገውም። አንዱ ሰው ፊታውራሪ መሸሻንም ጉዱ ካሳንም በድምፁ እየለየ፣ ዝም የሚባልበት ቦታ ዝም እያለ ረጅሙን መጽሐፍ አስወደደው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የቀረበው «የቀን ቅኝት» ድራማም 257 ክፍል ነበረው፤ በዚያው ዘመን በአፋን ኦሮሞ «ዲምቢባ» ይሰማ ነበር። እነዚህ ደግሞ በቀጥታ ለሬዲዮ የተደረሱ በመሆናቸው ከፊታቸው የሚጠብቁት ማንጋ አልነበረባቸውም። እንግዲህ ርዝመት ብቻውን አያሰለችም። የሚያሰለቸው መድረሻውን የማያውቅ ሰው የሚያስረዝመው ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃም መሞላት አለበት። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ሳያነብ፣ ከተማሪው አንድ ገጽ ብቻ ቀድሞ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር፣ በማንጋው ላይ የደረሰበትን ፊልም ይመስላል። ደወሉ እስኪደወል ማስታወሻ ያስገለብጣል፤ የትናንቱን ይደግማል። አስቀድሞ የተዘጋጀው መምህር ግን በመካከሉ አንድ የአካባቢውን ተረት፣ አንድ ኦዱ ዱሪ፣ ቢያስገባ እንኳ ተረቱ ወደ ትምህርቱ ይመልሰዋል። ተረቱም መሙያ ነው፤ ነገር ግን የሚያስጨብጠው ነገር አለ።

ስለዚህ በማስተማር ልምምዳችን የትምህርት ዕቅድ ስናወጣ በእያንዳንዱ ደቂቃ ፊት ያንን የልጁን ቃል እናስቀምጥ። «ዛሬ ምን ሆነ?» ሲባል ተማሪው የሚመልሰው ነገር ካለው ትምህርቱ ረዘመ አይባልም። መልስ ከሌለው ግን፣ አምስት ደቂቃም ብትሆን ረዝማለች።