ከሩር እስከ አሶሳ

በኅዳር 1916 ዓ.ም. በርሊን ውስጥ የአንድ ዳቦ ዋጋ 200 ቢሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በ4 ማርክ ከ20 የሚመነዘረው የአሜሪካ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። ሠራተኛው ደመወዙን በቀን ሁለት ጊዜ ይቀበላል። ሚስቱ ቅርጫት ይዛ ፋብሪካው በር ላይ ትጠብቀውና ገንዘቡን ተቀብላ ወደ ዳቦ ቤት ትሮጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ሌላ ነውና። ልጆች እስር እስር የሆነውን የወረቀት ገንዘብ እየደራረቡ ቤት ይሠሩበታል። ከእንጨት ይረክሳል ብለው ምድጃ ውስጥ የማገዱትም ነበሩ።

በዚያው ዘመን በቤኒሻንጉል ሴቶች ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው በእንጨት ገበቴ አሸዋ ያጥባሉ። ውሃውን ያዞሩታል፣ ያፈሱታል፣ መልሰው ይቀዳሉ። አሸዋው እየታጠበ ይሄድና ከሥር ጤፍ የምታህል ወርቅ ትቀራለች። በዚህ ሥራ የባሪያ ጉልበትም ይውል ነበር። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት የሚገብሩት ከዚሁ ወርቅ ነው፤ በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ገበቴ ያዞረችው ሴት ስለ ማርክ ሰምታ አታውቅም። ይሁን እንጂ ማርክን የጣለው ቀውስ ከ17 ዓመት በኋላ ደጇ ድረስ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን ጦርነቱን ተሸንፋ በሰኔ 1911 ዓ.ም. የቬርሳይን ውል ፈረመች። በውሉ የተጣለባት የጦር ካሳ ቆይቶ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ተብሎ ተቆረጠ። ክፍያው ሲጓደል፣ በጥር 1915 ዓ.ም. የፈረንሳይና የቤልጅየም ወታደሮች የጀርመን የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር የሆነውን ሩርን ያዙ። የበርሊን መንግሥት «ሥራ አቁሙ» ብሎ ሠራተኛውን አሳደመ፤ የሥራ ፈቱን ደመወዝ ለመክፈል ደግሞ ገንዘብ ማተሙን ቀጠለ። ዳቦውን 200 ቢሊዮን ያደረሰው በአብዛኛው ይህ ነው። አንባቢ ቤልጅየምን ልብ ይበል፤ ኋላ አሶሳ ላይ እናገኛታለን።

ዳቦው ያን ያህል በተወደደበት ሰሞን አዶልፍ ሂትለር ሙኒክ ላይ መንግሥት ለመገልበጥ ሞክሮ ከሸፈበት፤ ታሰረም። አሮጌው አንድ ትሪሊዮን በአዲሱ አንድ ማርክ ተተክቶ አገሩ ጥቂት ተነፈሰ። ግን የአሜሪካ ገበያ በ1922 ዓ.ም. ሲወድቅ ለጀርመን የተሰጠው ብድር ተጠራ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ በ1924 ዓ.ም. ሥራ አጡ ሰው 6 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በ1920 ዓ.ም. በምክር ቤቱ 12 መቀመጫ ብቻ የነበረው የሂትለር ፓርቲ በ1924 ዓ.ም. ሐምሌ 230 አገኘ። ሂትለር ጥር 22 ቀን 1925 ዓ.ም. መራሔ መንግሥት ሆነ።

ኢትዮጵያስ? የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ስትገባ የባሪያ ንግድ ጉዳይ ተነሥቶባት ነበር፤ ቤኒሻንጉል ደግሞ ይህ ንግድ ክፉኛ ካቆሰላቸው አገሮች አንዱ ነው። ጀርመን ማኅበሩን የተቀላቀለችው ከኢትዮጵያ 3 ዓመት ዘግይታ ነው፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘ በዓመቱ ሳይሞላ ጥላ ወጣች።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኸውና፦ ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ ለኢትዮጵያ በስውር መሣሪያ የሰጠው ሂትለር ነበር። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ዴቪድ ሆል የተባሉ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ በርሊን ሄዱ። አባታቸው ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካቀለጡት አውሮፓውያን አንዱ ነበሩ። ሂትለር 3 ሚሊዮን ማርክ ፈቀደ፤ ወደ 10 ሺህ ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት የፋብሪካው ምልክት ተፍቆ ተላከ። ለኢትዮጵያ አዝኖ አልነበረም። ኦስትሪያን ሊውጥ ሲያስብ የቆመበት የጣሊያኑ መሪ ሙሶሊኒ ነበርና፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ተጠምዶ እንዲቆይለት ፈልጎ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከያዘች በኋላ፣ በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ሁለቱ ታረቁ፤ ጀርመን ኢትዮጵያን የጣሊያን ግዛት አድርጋ አወቀች።

ግንቦት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. የሂትለር ጦር ቤልጅየምን ወረረ፤ በ18 ቀን ንጉሡ እጅ ሰጡ። ሩርን የያዘችው አገር በተራዋ ተያዘች። በአፍሪካ ግን ሰፊ ቅኝ ግዛት ነበራት፤ የኮንጎ አስተዳደር ከእንግሊዝ ጋር ወገነ። ፎርስ ፑብሊክ የሚባለው ጦር፣ መኮንኖቹ ቤልጅጎች፣ ወታደሮቹ ኮንጎዎች፣ ከሂትለር ጎን የተሰለፉትን ጣሊያኖች ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ሱዳንን አቋርጦ ድንበሩ ላይ ኩርሙክ ደረሰ።

ከኩርሙክ አሶሳ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። በየካቲት መጨረሻ ሣሩ ደርቆ፣ ሙቀቱ በርትቶ፣ የብዙ ወንዝ ውሃ ጎድሏል። ጦሩ የካቲት 29 ቀን ተነሣ፤ መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳ ገባ። ጣሊያኖች ወደ ደቡብ ሸሹ። ከ12 ቀን በኋላ ጋምቤላ ተያዘች። ሰኔ 26 ቀን ደግሞ ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ ሳዮ ላይ፣ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ለቤልጅጉ ጄኔራል ኦጉስት ጊሊያርት እጅ ሰጡ።

ከእነዚህ የኮንጎ ወታደሮች በሽታ የጣለው ጥይት ከጣለው ይበልጣል። ሥሩ እስከ ሩር የከሰል ጉድጓድ በሚደርስ ጠብ፣ በማያውቁት አገር፣ የሌላውን ሕዝብ ነፃ ለማውጣት ተዋጉ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ የተመለሱት ወደ ቤልጅየም ቅኝ ግዛት ነበር። ኮንጎ ነፃነቷን ያገኘችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቿ አሶሳን ካስለቀቁ ከ19 ዓመት በኋላ።