መሃል ግድግዳውን ከማፍረሳችሁ በፊት

እዚህ ካኩማ ቤቱን ማስፋት የማይፈልግ ማን አለ? ልጅ ይወለዳል፣ ዘመድ ይመጣል፣ አንዱ ሱቅ ሊከፍት ያስባል፣ ሌላው ማታ ተማሪ ለማስጠናት ሁለቱን ክፍል አንድ ማድረግ ይፈልጋል። ዶማ አንስቶ መሃል ግድግዳውን መናድ ታዲያ ቀላል ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር። ግማሽ ድረስ እንዳፈረስኩ የጣራው እንጨት «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። ልጆቹን አስወጥቼ፣ ከጎረቤት በተዋስነው አጣና ደግፈን አደርን።

ተሸካሚ ግድግዳ የሚባለው ከራሱ ክብደት ሌላ የጣራውን ሸክም ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያወርደው ነው። ሌላው ክፍል ይለያል እንጂ ጣራ አይሸከምም። ሲያዩአቸው ሁለቱም ያው ጭቃ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳውን ሳይሆን ጣራውን እዩ።

ቆርቆሮው የተመታበት ሞራሌ ከየት ተነስቶ የት ያርፋል? ጫፉ የተቀመጠበት ግድግዳ ተሸካሚ ነው። ሁለት አጫጭር እንጨቶች መሃል ግድግዳው አናት ላይ ከተገናኙማ አለቀ፣ አይነካም። በግድግዳው አናትና በእንጨቱ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግን ክፍል መለያ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት በምክንያት ነው። ረጅም የጭቃ ጡብ ግድግዳ ብቻውን በደንብ አይቆምም፤ መሃሉ ላይ የሚገጥመው አጭር ግድግዳ ደግፎ ይዞታል። ጣራ ባይሸከምም እሱን ካነሳችሁት ረጅሙ በንፋስ ወይም ሥሩ በጎርፍ ሲርስ ሊወድቅ ይችላል።

በእንጨትና በጭቃ ምርጊት የተሠራ ቤት ሌላ ነው። እዚያ የሚሸከመው ቋሚው እንጨት ስለሆነ፣ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ጭቃ ሊነሳ ይችላል፤ ቋሚው ግን አይቆረጥም። ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ያሉት ብዙዎቹ ፎቆች እንዲሁ ናቸው፦ ኮለንና ቢም ይሸከማል፣ ብሎኬቱ መሙያ ነው።

«ቆርቆሮ እኮ ቀላል ነው፣ ምን ያመጣል?» የሚሉ አሉ። የፊዚክስ ተማሪዎች እስቲ አስሉት። 1 ሜትር ስፋት ካለው አዲስ በር በላይ ግማሽ ሜትር ከፍታ፣ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ቢቀር 0.1 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የጭቃ ጡብ 1600 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በምትገቡ በምትወጡበት በር አናት ላይ 160 ኪሎ፣ ማለትም ከሦስት ከረጢት ሲሚንቶ በላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የግድ በር መክፈት ካስፈለገ አስቀድማችሁ ሞራሌዎቹን በግድግዳው በሁለቱም በኩል በአጣና ደግፉ። ከማዕዘኑ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ። ከበሩ በላይ የሚጋደመው ወፍራም እንጨት በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር ያህል ግድግዳው ላይ ይረፍ፤ እሱ ሳይገባ ከስሩ ያለውን ጡብ አታንሱ። ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው። ዝናብ ሲጠባበቅ አትጀምሩት፣ ከመጀመራችሁም በፊት አንድ ግንበኛ ጣራውን አብሯችሁ ይይ።