በኬላ በር የቆሙ ምስክሮች

ከቤት ወጥቶ በሰዓቱ መመለስ ከአላህ ጸጋዎች አንዱ መሆኑን የምናስተውል ስንቶቻችን ነን? ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ሕመምተኛውም ወደ ሐኪሙ ያለ ከልካይ መሄዱን እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። በዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖሩ የፍልስጤም ቤተሰቦች ግን ይህ ጸጋ የላቸውም።

ከራማላህ እስከ አል-ቁድስ ያለው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ግን የቀለንዲያ የፍተሻ ኬላ አለ። የይለፍ ፈቃድ የሌለው አያልፍም፤ ያለውም ቢሆን መቼ እንደሚያልፍ አያውቅም። በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሰፈረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ከ60 በላይ እናቶች ሆስፒታል ሳይደርሱ በኬላ ላይ ወልደዋል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የድርጅቱ የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ 849 የመንገድ መሰናክሎችን ቆጥሯል። ከእነዚህም ውስጥ ኬላዎች፣ የብረት በሮችና የአፈር ክምሮች ይገኛሉ።

የእስራኤል መንግሥት ኬላዎቹ ጥቃትን ለመከላከል የቆሙ ናቸው ይላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የተተከሉት በአንዱ የፍልስጤም ከተማና በሌላው መካከል ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያያል? ሁለተኛው ኢንቲፋዳ በሴፕቴምበር 2000 ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ በ2001 ጥቂት እስራኤላውያን ሴቶች «ማሕሶም ዎች» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። «ማሕሶም» በዕብራይስጥ ኬላ ማለት ነው። አባላቱ ሴቶች ብቻ ናቸው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እየተፈራረቁ በኬላዎች ይቆማሉ፤ ስንት ሰው እንደተሰለፈ፣ ምን ያህል እንደጠበቀ፣ ማን እንደተመለሰ ይመዘግባሉ። ሕመምተኛ ሲከለከል ወደ ጦሩ ቢሮ ይደውላሉ። ያዩትንም ለሕዝብ ያሳውቃሉ።

በ2002 ደግሞ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ከተለያዩ አገሮች በጎ ፈቃደኞችን መላክ ጀመረ። እነዚህም ለሦስት ወር ያህል ይቆያሉ። በቤተልሔም ኬላ ገና ሳይነጋ ተገኝተው፣ ለሥራ የሚሻገሩትን ሰዎች ሲቆጥሩ ቆይተዋል። ከኦክቶበር 2023 በኋላ ግን የአብዛኞቹ ሠራተኞች የሥራ ፈቃድ ታገደ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ምስክር መቆሙ ምን ይጠቅማል? ራሳቸው የማሕሶም ዎች ሴቶች በዚህ ጉዳይ ተከራክረዋል። አንዷ ለአንዲት እናት በሩን ማስከፈት ታላቅ ነገር ነው ስትል፣ ሌላዋ ኬላው እንዲሻሻል በመርዳት ኬላው እንዲኖር እየፈቀድን አይደለምን? ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። መዝገብ በሩን አይነቅልም፤ መዝገብ ከሌለ ግን ነገ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚል አይጠፋም።

ለእኛስ ምን ትምህርት አለው? ኢስላም እውነተኛ ምስክርነትን ግዴታ አድርጎብናል፤ በገዛ ወገናችን ላይ እንኳ ቢሆን። የሕዝብ ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስረሳንም አስጠንቅቆናል። እነዚያ ሴቶች የቆሙት በራሳቸው ልጆች ጦር ፊት ነው። ለዚህም በአገራቸው ሰዎች «ከሐዲ» ተብለው ተሰድበዋል።

ወላጆች ሆይ! ስለ ፍልስጤም ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ሰቆቃውን አትደብቁ። ነገር ግን «ሁሉም አንድ ናቸው» አትበሉ፤ ይህ አባባል እውነት አይደለምና። ወጣቶችም በአካባቢያችሁ ግፍ ስታዩ የሰማችሁትን ካያችሁት ለይታችሁ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። ጩኸት ቶሎ ይረሳል፤ በትክክል የተጻፈ ቃል ግን ተበዳዩ መብቱን በሚጠይቅበት ቀን ይረዳዋል።