ትኬቱ ቀረ፣ ሒሳቡ ግን አልቀረም
የአሌክሳንድሪያ ከተማ አውቶቡስና የቤት ኪራይ ገበያ

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ለመከራየት የሚዞር ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው የታክሲ ተራው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ተራው የተነሣ ዕለት ገበያው አብሮ እንደሚነሣ ያውቃልና። ይኸው ስሌት በዋሽንግተን ዲሲ ዳርቻ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በአሌክሳንድሪያ ከተማም ይሠራል። ልዩነቱ እዚያ ተራው የአውቶቡስ ፌርማታ መሆኑና ተሳፋሪው አምስት ሳንቲም እንኳ የማይከፍል መሆኑ ነው። «ዳሽ» እየተባለ የሚጠራው የከተማይቱ አውቶቡስ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2021 በሁሉም መስመሮቹ ላይ ትኬት መቁረጥ አቁሟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለእኛ አገር አንባቢ ሩቅ አይደለም። አሌክሳንድሪያ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት። የከተማው አስተዳደርና ትምህርት ቤቶቹ ማስታወቂያዎቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። እዚያ ቤት የገዛ፣ ሱቅ የከፈተ ወይም ዘመዱ ከደመወዙ ቀንሶ የሚልክለት ሰው ሁሉ «አውቶቡሱ በነፃ ከሄደ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

የሦስት ወር ልዩነት

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ 159,467 ነው። የቆዳ ስፋቷ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ወደ ከተማይቱ እምብርት የገባው በዲሴምበር 1983 ሲሆን፣ ዳሽ ሥራ የጀመረው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ማርች 11 ቀን 1984 ነው። ይህ መቀራረብ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ባቡር ሰውን በጅምላ ያመጣል፤ ከጣቢያው እስከ ደጃፉ የሚያደርሰው ግን ሌላ ቸርቻሪ ያስፈልገዋል።

ይህን የችርቻሮ ሥራ ለክልሉ የጋራ ትራንስፖርት ባለሥልጣን መተው ይቻል ነበር። ባለሥልጣኑ ዋሽንግተን ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን በአንድ ስምምነት የሚያገለግል ሲሆን ወጪውን በቀመር ለከተሞቹና ለካውንቲዎቹ ያከፋፍላል። አሌክሳንድሪያ ግን መቶ በመቶ የራሷ የሆነ ኩባንያ አቋቋመች። ሒሳቡ ቀላል ነው። መስመሩን የሚወስነውና ወጪውን የሚቆጣጠረው አንድ አካል ሲሆን ገንዘቡ የት እንደገባ ይታያል። ጎረቤቶቹም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ፌርፋክስ ካውንቲ በ1985፣ አርሊንግተን በ1998 የየራሳቸውን አውቶቡስ አሰማርተዋል።

ዋናው ሸቀጥ ምልልስ ነው

ስለ አሌክሳንድሪያ አውቶቡስ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ነፃው ጉዞ ነው። ለገበያ ሰው ግን ከዚያ የሚበልጠው ቀድሞ በዲሴምበር 2019 የጸደቀው የመስመር ዕቅድ ነው። ማንኛውም አውቶቡስ ድርጅት ሁለት ጌቶች አሉት። አንዱ «ሰው በሚበዛበት ቦታ አመላልሱ» ይላል፤ ሌላው «ጥቂት ሰው ቢኖርም በየሰፈሩ ድረሱ» ይላል። በአንድ ብር ሁለቱንም ማርካት አይቻልም። አሌክሳንድሪያ እስከ 2030 ድረስ ከአገልግሎቷ 85 በመቶውን ተሳፋሪ ለሚበዛባቸው መስመሮች፣ 15 በመቶውን ለሽፋን ለማዋል ወሰነች። ቀድሞ ድርሻው ለሁለቱ ተቀራራቢ ነበር።

ይህ ማለት ባለ ግቢ ቤቶች በሚበዙባቸው፣ ሁሉም መኪና በያዘባቸው ሰፈሮች አንዳንድ መስመሮች ቀርተው፣ አውቶቡሶቹ ፎቅ አፓርታማዎች ወደተደረደሩበት ወደ ምዕራቡ የከተማይቱ ክፍል ዞሩ ማለት ነው። አዲሱ መረብና ነፃው ጉዞ የተጀመሩትም በአንድ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሳፋሪው ቁጥር በ2023 በጀት ዓመት ወደ 4.5 ሚሊዮን ደርሶ የድርጅቱ የምንጊዜም ትልቁ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ከ5 ሚሊዮን አለፈ። ስንቱ በነፃነቱ፣ ስንቱ በምልልሱ እንደመጣ ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው። ሆኖም በነፃ ቢሆንም ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቅ አውቶቡስ የሥራ ሰዓት ላለው ሰው ርካሽ አይደለም። የጊዜም ዋጋ አለው።

መስመር 35 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከቫን ዶርን ሜትሮ ጣቢያ ተነሥቶ በላንድማርክ፣ በማርክ ሴንተርና በሳውዘርን ታወርስ አፓርታማዎች በኩል አድርጎ ፔንታጎን ይገባል። ቀኑን በአብዛኛው በየ10 ደቂቃው ይመላለሳል። ማርክ ሴንተር የመከላከያ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በ2011 የተዛወሩበት ግቢ ሲሆን 6,400 ያህል ሠራተኞች ተመድበውበት ነበር። የመኪና ማቆሚያው ግን በ3,800 ገደማ መኪና ተገድቧል። የቀረው ሠራተኛ በአውቶቡስ ወይም በጋራ መኪና እንዲመጣ ታስቦ የተደረገ ነው። ተሳፋሪ በልመና አይመጣም፤ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብ ግን ይመጣል።

ወጪው ወዴት ዞረ?

ነፃ ከመሆኑ በፊት የአንድ ጉዞ ዋጋ 2 ዶላር ነበር። በነጠላ ትኬት ሒሳብ፣ ደርሶ መልስ በወር 22 ቀን የሚመላለስ አንድ ሠራተኛ 88 ዶላር ያወጣ ነበር ማለት ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ 176 ዶላር ይደርሳል። ይህ ገንዘብ አሁን ኪሳቸው ውስጥ ቀርቷል። ድርጅቱ ያጣውን ገቢ ግን አንድ ሰው መሙላት ነበረበት።

መጀመሪያ የሞላው የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 7.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ድጎማ ሰጥቷል። ድጎማው የዘር ገንዘብ እንጂ ቋሚ ጡረታ አልነበረምና ሸክሙ ወደ ከተማው በጀት ዞረ። የከተማው በጀት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚመካው በንብረት ግብር ላይ ነው። በ2024 የግብሩ ልክ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት 1.135 ዶላር ነበር። እንግዲህ ትኬቱ ከአውቶቡሱ በር ተነሥቶ ባለ ቤቱ የግብር ደረሰኝ ላይ አርፏል።

ሌላም ከፋይ አለ። ወደ ዋሽንግተን በሚወስደው 395 አውራ ጎዳና ላይ በ2019 መጨረሻ የተከፈቱ የክፍያ መንገዶች አሉ። ብቻውን የሚነዳ ሰው መጨናነቁን ለመሸሽ እንደ ሰዓቱ ከፍ ዝቅ የሚል ዋጋ ይከፍላል። መንገዱን የሚያስተዳድረው ኩባንያም በውሉ መሠረት በዓመት ቢያንስ 15 ሚሊዮን ዶላር ለአካባቢው የሕዝብ ትራንስፖርት ያወርዳል። የመስመር 35 ምልልስ እንዲጨምር ከረዱት ምንጮች አንዱ ይኸው ገንዘብ ነው። ባለ መኪናው ለችኮላው ሲከፍል አውቶቡስ ተሳፋሪው ይደጎማል።

ከፌርማታው ጀርባ ያለው አፓርታማ

ሳውዘርን ታወርስ በ1960ዎቹ የተሠሩ አምስት ፎቆች ሲሆኑ ከ2 ሺህ በላይ መኖሪያዎች አሉባቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን ይኖሩባቸዋል። ጧት ፌርማታው ላይ አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ግቢው በ2020 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ተሸጧል። ከዚያ ወዲህ ተከራዮቹ ተደራጅተው ስለ ኪራይና ስለ ቤቶቹ ይዞታ ሲከራከሩ ቆይተዋል።

እዚህ ላይ ነው የኢኮኖሚክስ ትምህርት የሚያነሣው አሮጌ ጥያቄ የሚመጣው፤ ግብሩን የሚከፍለው ሌላ፣ ጫናውን የሚሸከመው ሌላ ሊሆን ይችላል። ባለ ሕንፃው የንብረት ግብሩን ይከፍላል። ነገር ግን ደጃፉ ላይ በየ10 ደቂቃው በነፃ የሚመጣ አውቶቡስ ያለው አፓርታማ ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ፈላጊ ሲበዛ ውል በሚታደስበት ወር ኪራዩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ለምሳሌ ያ በአውቶቡስ 88 ዶላር ያተረፈ ተከራይ ኪራዩ በ100 ዶላር ቢጨምርበት ትርፉ ሄዶ 12 ዶላር ዕዳ ገብቷል። በቨርጂኒያ ሕግ ከተሞች የኪራይ ጣሪያ የማበጀት ሥልጣን ስለሌላቸው የከተማው ምክር ቤት አውቶቡሱን ነፃ ማድረግ ቢችልም ኪራዩን መያዝ አይችልም።

በእርግጥ ለኪራይ መናር አውቶቡሱን ብቻ መውቀስ አይቻልም። በ2018 አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአጎራባቹ አርሊንግተን እንደሚከፍት ማስታወቁ የአካባቢውን ገበያ አሙቆታል። ሆኖም መስመር 35ን በብዛቱ ያቆመው ተከራይ ነው። ተከራዩ በኪራይ ተገፍቶ አውቶቡስ ወደማይበዛበት ሩቅ ካውንቲ ከሄደ መኪና መግዛት፣ ኢንሹራንስ መግባት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ከተማይቱ የደጎመችው እርሱን ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የገባውን ባለ ደህና ደመወዝ ተከራይ ይሆናል።

ወሰኑ ላይ የሚጀምረው ክፍያ

ነፃው ጉዞ የሚሠራው በዳሽ ላይ ብቻ ነው። ተሳፋሪው ፔንታጎን ወርዶ ወደ ሜትሮ ባቡር ሲገባ፣ ወይም ወደ ሌላ ካውንቲ የሚሻገር የክልሉን አውቶቡስ ሲይዝ ካርዱን ማስነካት አለበት። የክልሉ አውቶቡስ ዋጋ በ2024 አጋማሽ 2.25 ዶላር ሆኗል። ይህ ለአበሻ ነጋዴ የራሱ ትርጉም አለው። ከሳውዘርን ታወርስ ብዙም ሳይርቅ፣ በሊስበርግ ጎዳና ላይ፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚበዙበት የስካይላይን አካባቢ ይገኛል። ቦታው ግን የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። በክልሉ አውቶቡስ ወደዚያ የሚሻገር ሸማች ይከፍላል፤ ከዚያ እጅግ ወደሚርቀው ፔንታጎን በዳሽ የሚሄደው ግን አይከፍልም። እንጀራና በርበሬ ሊገዛ የወጣ ሰው በደርሶ መልስ 4.50 ዶላር ቢጨምር ለአንድ ቀን ምንም አይደለም፤ በየሳምንቱ ሲሆን ግን ከደንበኛው ዘንቢል ይቀንሳል።

መገናኛው ራሱ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በፖቶማክ ያርድ ታይቷል። በሜይ 2023 የተከፈተው አዲሱ የሜትሮ ጣቢያ ወደ 370 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ከተማይቱ ዕዳውን ለመክፈል ያሰበችው በጣቢያው ዙሪያ ከሚነሡ ሕንፃዎች በሚገኝ አዲስ ግብርና በአልሚዎች መዋጮ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በ2 ቢሊዮን ዶላር የቅርጫት ኳስና የሆኪ ስታዲየም ይሠራል ተብሎ ተበሰረ። በማርች 2024 ግን ዕቅዱ ፈረሰ። ዋናው እንቅፋት የፋይናንስ አወቃቀሩ በክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ተቀባይነት ማጣቱ ቢሆንም፣ ያን ሁሉ ተመልካች መንገዱና ጣቢያው ይችሉታል ወይ የሚለው ጥያቄም ደጋግሞ ተነሥቷል። ዜናውን ሰምቶ የተቻኮለ ቢኖር በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ባዶ እጁን ቀርቷል። የጣቢያው ጥቅም ግን ስታዲየሙ ቢቀርም አልቀረም።

ላንድማርክን የሚጠብቁ

የቀጣዩ ገበያ ምልክት ያለው በላንድማርክ ነው። በ1965 የተከፈተው የገበያ ማዕከል ደንበኛ ርቆት በ2017 ከተዘጋ በኋላ በ2022 መፍረስ ጀመረ። በቦታው ሆስፒታል፣ መኖሪያ ቤቶችና ሱቆች፣ በመካከላቸውም የአውቶቡስ መናኸሪያ የታቀደ ሲሆን ሆስፒታሉ በ2028 እንደሚከፈት ይጠበቃል። ከተማይቱ ለመሬቱና ለመሠረተ ልማቱ 140 ሚሊዮን ዶላር ያህል በቦንድ ለማውጣት ተስማምታለች። ላንድማርክን ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ ጋር ለሚያገናኘው፣ በዱክ ጎዳና ለተነደፈው ፈጣን የአውቶቡስ መንገድ ደግሞ የሰሜን ቨርጂኒያ ትራንስፖርት ባለሥልጣን በ2020 75 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

እዚያ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ አይጎዳም። አንደኛ፣ ካርታ ላይ መስመር መኖሩን ሳይሆን በስንት ደቂቃ እንደሚመላለስ። ሁለተኛ፣ አውቶቡሱ የሚያገናኘው ከምን ጋር እንደሆነና ክፍያው የት እንደሚጀምር። ሦስተኛ፣ ድጎማው ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚያልቅ። በሦስቱም ላይ ጥሩ መልስ ያገኘ ቦታ ዋጋው መጨመሩ አይቀርም። ጭማሪው ለገዛው ሀብት፣ ለተከራየው ደግሞ ወጪ ነው። በሳውዘርን ታወርስ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ነው። ለእርሱ ቁርጡ የሚታወቀው አውቶቡሱ ሲመጣ ሳይሆን የኪራይ ውሉ የሚታደስበት ደብዳቤ በበሩ ሥር ሲገባ ነው።