የዕለት አስቤዛ ከመደርደሪያ እስከ ደጃፍ

የዕለት አስቤዛ አድራሽ አገልግሎት ሸማቹ በስልክ ወይም በመተግበሪያ ያዘዘውን ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ወተትና ሳሙና በዚያው ቀን ደጁ ድረስ የሚያመጣ ንግድ ነው። በከተማ ሰው አፍ ‹‹ዴሊቨሪ›› ይባላል። ከምግብ ቤት ምሳ ከማመላለስ የተለየና የከበደ ሥራ ነው። ምሳው አንድ ወጥ ቤት ያዘጋጀው አንድ ጥቅል ሲሆን አስቤዛው ግን አሥርና ሃያ ዓይነት ዕቃ ነው፤ አንዱ ይመዘናል፣ አንዱ ይቆጠራል፣ አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ በሙቀት ይበላሻል፣ አንዱ ደግሞ ዛሬ ጭራሽ አልመጣም። የአገልግሎቱ ምቾትም ሆነ ወጪው የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ ከስማርት ስልክ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ አገር በጌትስሄድ ከተማ ጄን ስኖውቦል የተባሉ የ72 ዓመት አዛውንት፣ ከቤታቸው ቴሌቪዥንና ከስልክ መስመር ጋር በተያያዘ መሣሪያ ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል ከቴስኮ መደብር አዘዙ። ሙከራው የታሰበው ከቤት መውጣት ለሚከብዳቸው አረጋውያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጀመረው ዌብቫን ግን ለሁሉም ሰው ለማድረስ ተነሳ፤ ግዙፍ መጋዘኖች ገነባ፣ በ2001ም ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢስታንቡል ላይ የተቋቋመው ጌቲር አስቤዛን በደቂቃዎች አደርሳለሁ ብሎ እስከ ኒው ዮርክ ከዘለቀ በኋላ በ2024 ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከጀርመንና ከኔዘርላንድስ ለቆ ፊቱን ወደ ቱርክ መለሰ። አፍሪካ ውስጥ በሰባት አገሮች ምግብ ያደርስ የነበረው ጁሚያ ፉድም እ.ኤ.አ. በ2023 ማብቂያ ተዘግቷል።

እነዚህን ኩባንያዎች ያስቸገራቸው የደንበኛ እጦት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ነው። ከአንድ ሊትር ዘይት ወይም ከአንድ ኪሎ ቲማቲም የሚገኘው ትርፍ ስስ ነው፤ የሞተረኛ ደመወዝ፣ ቤንዚንና ጎማ ሊሸፍን አይችልም። አንድ ሞተረኛ ዕቃ ተረክቦ፣ አድርሶና ተመልሶ እስኪመጣ 40 ደቂቃ ቢፈጅበት በ8 ሰዓት ውስጥ ከ12 ደጃፍ በላይ አይደርስም። በአንድ ጉዞ ሦስት ጎረቤታሞችን ማዳረስ ከቻለ ግን በያንዳንዱ ደጃፍ ላይ የሚወድቀው ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ንግዱ ትልቅ ትእዛዝና የተቀራረበ ደንበኛ ይፈልጋል። ጥድፊያ ደግሞ የሁለቱም ጠላት ነው። ‹‹እስከ ማታ ይድረስልኝ›› ያለ ሰው ዕቃው ከሌሎች ጋር ተጠራቅሞ ይሄድለታል፤ ‹‹አሁኑኑ›› ያለ ሰው ግን አንድን ሞተር ለብቻው ይዟል። ያንን ወጪ ወይ እሱ ይከፍለዋል፣ ወይ ኩባንያው ከካፒታሉ ይደጉመዋል፣ ወይ ሞተረኛው ከገቢው ያጣዋል። አራተኛ መንገድ እስካሁን የተገኘ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ንግዱ መጀመሪያ የያዘው የምግብ ቤቶችን ምሳና እራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ዴሊቨር አዲስ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ አስቤዛ የተጨመረው ቆይቶ ነው። ኋላ ላይ እንደ ቢዩ ያሉ አድራሾች ተከትለውታል፤ ቺፕቺፕ ደግሞ ሸማቾች ተሰባስበው ሲያዙ ዋጋው የሚወርድበትን ዘዴ ይዞ መጣ። ይህ የመጨረሻው መንገድ ከላይ ለተባለው ሒሳብ የተሻለ መልስ ነው፤ የተበታተነውን ደንበኛ አስቀድሞ ይሰበስበዋልና።

መሰናክሎቹ ግን አገርኛ ነበሩ። በሰኔ ማብቂያ 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸመውን ዝርፊያ ምክንያት አድርጎ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ፈቃድ ያላገኘ አድራሽ ወደ ብስክሌትና ወደ መኪና ዞረ። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ስለነበር ሞተረኛው የዝርዝር ገንዘብ ችግር ይከተለው ነበር፤ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ይህ ቀለለ። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክና በኮምፒውተር ለሚደረግ ውል የሕግ መሠረት ሰጥቶታል። አድራሻ ግን አሁንም አልተፈታም። የቤት ቁጥር ቢኖርም በእሱ መንገድ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው። ሞተረኛው ይደውላል፤ ‹‹ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብሎ፣ ቡናማው በር›› ይባላል፤ ጠፍቶ እንደገና ይደውላል። ካርታ የሚያድነው ጊዜ በዚህ ይባክናል።

ከመንገዱ በፊት ያለው ሥራ ለደንበኛው አይታይም። ትእዛዙ ሲገባ አንድ ሠራተኛ ዝርዝሩን ይዞ በመደርደሪያዎች መካከል ይዞራል ወይም ወደ አትክልት ገበያ ይሄዳል። የታዘዘው ዘይት ከሌለ ሌላ ዓይነት ልተካ ብሎ ይደውላል፤ ካልደወለ ቅሬታው ከበር ላይ ይጀምራል። የታሸገ ዕቃ ላይ ችግሩ ትንሽ ነው። የሚያጣላው ቲማቲም ነው፦ ለዛሬ ወጥ የሚፈለገው የበሰለው፣ ለሳምንት የሚቀመጠው ጠንከር ያለው ነው፤ መተግበሪያው ላይ ግን ሁለቱም ‹‹1 ኪሎ ቲማቲም›› ተብለው ይጻፋሉ። ጉልት ላይ የምትሸጥ ሴት ይህን ሳይነግሯት ታውቃለች። መርቂ ስትባልም ሁለት ቃሪያ ጣል ታደርጋለች፤ በስክሪን ላይ ክርክርም ምርቃትም የለም።

ያም ሆኖ ምቾቱ እውነተኛ ነው። አራስ ያለባት ቤት፣ ደረጃ መውጣት የተሳነው አዛውንት፣ ከሥራ ማታ የምትገባ እናት ግማሽ ቀን ይተርፍላቸዋል። ውጭ አገር ያለ ልጅም ለወላጆቹ ለበዓል ዶሮ፣ ዘይትና ቅቤ ከፍሎ ቤታቸው ድረስ ያስልክላቸዋል። ወጪው ግን ደረሰኝ ላይ ከተጻፈው የማድረሻ ክፍያ ይሰፋል። መደብሩ ለአድራሹ መተግበሪያ የሚከፍለው ኮሚሽን በዕቃው ዋጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በኮሚሽን የሚሠራ ሞተረኛ አደጋ ሲደርስበትና ሞተሩ ሲበላሽ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ነው። ስስ ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስለተከለከለ ሃያውን ዕቃ በምን ጠቅልሎ መላክ እንደሚቻልም አዲስ ወጪ ሆኗል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫና የነዳጅ ዋጋ ጨምሯል፤ ነፃ ማድረስ የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ ጋር አብሮ አይሄድም።

ይህ ሁሉ ለአብርሃ ጅራ ምን ትርጉም አለው? ከተማዋ በምዕራብ ጎንደር ዞን የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ዙሪያዋ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት የሱዳን ድንበር ቆላ ነው። በመተግበሪያ የሚሠራ አስቤዛ አድራሽ እዚህ ሥር ሊሰድ ያልቻለበት ምክንያት የሰው ኋላ ቀርነት አይደለም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚኖር ንግድ እንዲህ ያለውን ጊዜ አይሻገርም። ድምፅ ሲሠራ ግን ስልክ ይበቃል። ደንበኛው ለሚያውቀው ባለሱቅ ይደውላል፤ ባለሱቁ ዱቄቱን መዝኖ፣ ዘይቱንና ሳሙናውን ካርቶን ውስጥ አድርጎ ለሚያምነው የባጃጅ ሹፌር ይሰጣል፤ ሒሳቡ ወይ በስልክ ይተላለፋል ወይ ዱቤ ደብተር ላይ ይሰፍራል። በትንሽ ከተማ ቤት ለማግኘት ካርታ አያስፈልግም፤ የባለቤቱ ስም በቂ ነው። መጠቅለያው፣ ለቀማው፣ መጓጓዣውና ብድሩ በሦስት ሰዎች መካከል ያልቃሉ፤ ኮሚሽን የሚወስድ አራተኛ የለም።

ድክመቱም እዚያው ነው። ዱቤ የሚሰጠው ለታወቀ ሰው እንጂ ትናንት ለመጣ የቀን ሠራተኛ አይደለም። ዋጋው አይለጠፍም፤ ባጃጁም ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ የተሸጠ ቀን ዋጋውን ይጨምራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሱቁ ወደ ቤት ያለው ጉዞ ሳይሆን ወደ ሱቁ የሚመጣው ነው። ሽንኩርትና ድንች ከወረዳው ውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ከፎገራ ሜዳና ከሰሜን ጎንደር ደጋ ተነስተው በጎንደር በኩል በአይሱዙ ይወርዳሉ። በጸጥታ ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ የዕለት ማድረስ የሚባለው ነገር ትርጉም ያጣል፤ ባለሱቁ ራሱ የሚያደርሰው የለውም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ደግሞ ቲማቲም በአንድ ሁለት ቀን ይበሰብሳል። የዚህ ብክነት ዋጋ የሚከፈለው በተረፈው ቲማቲም ላይ ነው። በዕለቱ አዝዞ በዕለቱ መብላት እዚህ ከአዲስ አበባ በተለየ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ዕቃው አያድርም። ማሽላ፣ የደረቀ ባሚያ፣ ሽሮና በርበሬ የቆላው ቤት መተማመኛ የሆኑትም ማንም ሳያደርሳቸው ስለሚቆዩ ነው።

ከድንበር ማዶ የሚመጣውም እንዲሁ ያልተረጋገጠ ሆኗል። በመተማ ዮሐንስና በገላባት መካከል ሸቀጥ ሲመላለስ የኖረ ቢሆንም፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በዚያ በኩል የሚገባ ዕቃ ላይ ተማምኖ ቀጠሮ መስጠት ለነጋዴ ከባድ ነው።

በዚህ ወረዳ ትልቁ የአስቤዛ ማድረስ ሥራ የሚካሄደው ግን ከከተማ ውጭ፣ በእርሻ ካምፖች ነው። በክረምቱ አረምና በመጸው የሰሊጥ አጨዳ ከደጋው የሚመጡ የጉልበት ሠራተኞች ሰፍረው የሚሠሩት ከሱቅ ርቀው ስለሆነ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ጨውና ውኃ ካልተላከላቸው የሚገዙበት የለም። ሥራው በትራክተር ተሳቢና በጭነት መኪና ይሠራል። ትእዛዙ ትልቅ፣ ደንበኛውም በአንድ ካምፕ የተሰበሰበ ስለሆነ ከላይ የተባለውን የትርፍ ሒሳብ ያሟላል፤ ከተማው ውስጥ በባጃጅ ከሚላከው ካርቶን ይልቅ በሰው ሲሰላ ርካሽ ነው። የሚጎድለው ፍጥነት ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ሲርስ ጎማ ይይዛል፤ በበጋ ማለዳ ተጭኖ ከቀትር በፊት የሚደርሰው ዱቄት መንገዱ እስኪጠፈጥፍ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የሚያስተውል የካምፕ ኃላፊ ስለዚህ የሁለት ሳምንት ስንቅ ዝናቡ ሳይጠነክር ያስገባል፤ ትኩስ የሆነውን ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ትራክተሩ በወጣ ቁጥር ያስጭናል።