ያውቁ ኖሯል? በፎቶ የቀረው ሊስትሮ
ፎቶግራፍ ላይ ከታዩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል የሚቆጠሩት ንጉሥም መኳንንትም ሳይሆኑ አንድ ሊስትሮና ደንበኛው ናቸው። በ1838 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ከመስኮቱ ሆኖ ቡልቫር ዱ ቴምፕል የተባለውን ጎዳና አነሳ። መንገዱ በሰውና በሠረገላ የሚጨናነቅ ቢሆንም፣ የዚያ ዘመን ካሜራ አንዱን ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ከምስሉ ጠፋ። ታች፣ ከእግረኛው መንገድ ዳር፣ አንድ ሰው ግን እግሩን አንስቶ ጫማውን ያስጠርጋል። ያተረፈው መቆሙ ነው! ጠራጊውም ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

ተራማጁን ለመያዝ ፈጣንና ትንሽ ካሜራ ያስፈልግ ነበር፤ እንዲህ ያለችው ላይካ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበች። በ1932 እዚያው ፓሪስ፣ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ፎቶ አንሺው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን ላይካውን በአጥር ክፍተት አሾልኮ ውሃ የሚዘልን ሰው ተረከዙ ውሃውን ሳይነካ አየር ላይ ቀረጸው።